ጡረታ የወጣን ጓደኛሞች ነን፤ ከከተማ ወጣ ብለን የምንራመድበት ቦታ ጠቁሙን

ጥያቄ፦ ከሽሮ ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ሴቶች ነን። አብዛኞቻችን አብረን ስናስተምር ኖረን ጡረታ የወጣን ነን። ትንሿ 60፣ ትልቋ 71 ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ፓርክ እንራመዳለን። ከወጣን ወዲህ እንቅልፋችንም ጨዋታችንም ተስተካክሏል። አሁን ደግሞ ራቅ ብለን ማሳና ጫካ እያየን መሄድ አማረን።

የቸገረን አንድ ነገር ነው። አንዷ ጓደኛችን ጉልበቷን ያማታል። በተለይ ቁልቁለት ላይ ትሰቃያለች። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ አስቀራችኋለሁ» ማለት ጀምራለች። እኛ እሷን ትተን መሄድ አንፈልግም። ሌላዋ የደም ግፊት፣ አንዷ ደግሞ የስኳር መድኃኒት ትወስዳለች። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚሆን፣ ሜዳ የሚበዛበት ቦታ ንገሩን። መኪናና ስንቅ ላይም ምክር ካላችሁ እንቀበላለን።

መልስ፦ የጉለሌዋ

እህቴ፣ እኛም እንደናንተው የሴቶች ቡድን ነን። መጀመሪያ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከልን እዩት። ከ700 ሄክታር በላይ ነው። ከተማው ውስጥ ሆናችሁ የገጠር አየር ታገኛላችሁ። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ እያያችሁ ትሄዳላችሁ። የደከማት ካለች ቶሎ ወደ በሩ ትመለሳለች። አዲስ ጫማም ሆነ አዲስ ዱላ እዚያ ሞክሩት እንጂ ሩቅ ቦታ ይዛችሁ አትሂዱ።

ከዚያ መናገሻ ሱባ። ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል። ዝግባውና ጽዱ አንገት ያስቀናል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ። ላይ ድረስ ካልወጣን ብላችሁ አትጨነቁ፤ የታችኛው መንገድ ራሱ ይበቃል።

መልስ፦ አብዲ ሹፌር

እናቶቼ፣ ለጉልበት ቢሾፍቱ ይሻላል። በፍጥነት መንገዱ ቅርብ ነው። ከፍታውም 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከእንጦጦ ጋር ሲተያይ መተንፈሱ ይቀላል። ባቦጋያ ሐይቅ ዙሪያ ቀስ እያሉ መሄድ ይቻላል። ጉልበቷን የሚያማትን እናት ሐይቁ ዳር ካፌ አስቀምጧት፤ እናንተ ዞራችሁ ስትመለሱ ታገኟታላችሁ።

ሚኒባስ ኮንትራት ስትይዙ የመቆያ ሰዓቱን፣ ነዳጁንና የሹፌሩን ምሳ መጀመሪያ ቁረጡ። ሹፌሩ ስልኩ እንደማይጠፋና ከቦታው እንደማይርቅ ተነጋገሩ። ወደማታውቁት ገጠር ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከሄደ ሰው ጠይቁ።

መልስ፦ የአጥንትና ጡንቻ ባለሙያ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አብዲ፣ ስለ ከፍታው ትክክል ነህ። ካፌ አስቀምጧት ባልከው ግን አልስማማም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በልኩ ቢራመድ ይጠቅመዋል፤ መቀመጥ ሲበዛ የጭን ጡንቻ ይደክማል፣ ጉልበቱም ይብስበታል።

ቁልቁለት የሚያሳምማት ስትወርድ ጉልበቷ የሚሸከመው ጫና ስለሚጨምር ነው። ስለዚህ በዱላ ትሂድ። አንድ ዱላ ከሆነ ከሚያማት ጉልበት በተቃራኒው እጅ ትያዘው። ቀኝ ጉልበቷ ከሆነ በግራ እጇ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። የዱላው ቁመት ቀጥ ብላ ቆማ እጇን ስትለቅ አንጓዋ ጋ ይድረስ። ሁለት ዱላ ካገኘች የበለጠ ጥሩ። ስትወርድ እርምጃዋን ታሳጥር፣ ጉልበቷን ትንሽ ሸብረክ ታድርግ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ የረገፈበት ቁልቁለት ያንሸራትታል፤ እዚያ ላይ ጥንቃቄ።

ቤት ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ትለማመድ፤ እጇን ሳትደገፍ፣ ሕመም እስካልበዛ ድረስ። ጉልበቷ ካበጠ፣ ከሞቀ ወይም አልታጠፍ ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ትይ።

ፍጥነቱን ደግሞ እሷ ትወስን። ከፊት አስቀድሟት። ከኋላ ስትሆን እናንተ ቆማችሁ ትጠብቋታላችሁ፣ እሷ ስትደርስ እናንተ አርፋችሁ ትነሳላችሁ። እሷ ግን ምንም ሳታርፍ ትቀጥላለች። «አስቀራችኋለሁ» የሚያሰኛት ይሄ ነው ብዬ እገምታለሁ።

መልስ፦ የጉለሌዋ

የመጨረሻውን ነገር እኔም እመሰክራለሁ። የእኛ ቡድን ውስጥ ቀስ የምትለዋ ከፊት ናት፣ ጠንካራዋ ከኋላ። ያን ያደረግን ጊዜ ኩርፊያው ሁሉ ቀረ። ጨዋታውም ደራ፤ ሲሮጡ ማውራት የለማ።

መልስ፦ ነርስ ነበርኩ

እኔም ጡረተኛ ነኝ። ስለ መድኃኒቱ ልጨምር።

የደም ግፊት ያለባት እህታችን የምትውጠው የሚያሸና መድኃኒት ከሆነ መንገድ ላይ ያስቸግራታል። ብዙዎች በዚህ ምክንያት የዚያን ቀን ክኒናቸውን ይዘላሉ። አይደረግም። ሰዓቱን ማዘዋወር ይቻል እንደሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ። መጸዳጃ ያለበትን ቦታም አስቀድማችሁ እወቁ። ሽንት ፈርተው ውኃ የማይጠጡ ሴቶች አሉ፤ ያዞራቸዋል፣ ይወድቃሉ።

ስኳር ያለባት ሳትበላ አትውጣ። ከረሜላ ወይም ስኳር ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን ኪሷ ውስጥ ይኑር። ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ግራ ከተጋባች ወዲያው ቆማችሁ ስጧት። ራሷን ከሳተች ግን ምንም ነገር በአፏ አትስጡ፤ እርዳታ ጥሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ቤት ስትመለስ እግሯን ትይ፤ ስኳር ያለበት ሰው ጫማ ሲልጠው ላይሰማው ይችላል። የምትጾም ከሆነም ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዷ እንዳትራመድ።

ልካችሁን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ እያወራችሁ መሄድ ነው። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ለስንቅ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ይበቃል። ጭኮ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ቅቤ ስላለበት ግን ለጾም አይሆንም። ለጾም በሶ ያዙ።

መልስ፦ የአንዷ ልጅ

እናቴም እንደዚህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ናት። ለእኛ ለልጆች የምትሄዱበትን፣ የሹፌሩን ስልክና የምትመለሱበትን ሰዓት ንገሩን። አንዳችሁ የሁሉንም መድኃኒት ስምና የቤተሰብ ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ባትሪም ያልቃል። ወረቀት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከሽሮ ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ጉለሌን ለዚህ ቅዳሜ ይዘናል። ከፊት እንደምትሆን ለጓደኛችን ስነግራት «እንግዲያው እኔ ነኝ መሪዋ» ብላ ዱላ ልትገዛ ወጣች። ወንጪስ ለእኛ ይሆናል? ልጆቻችን ሄደው አይተው አላስተኛ አሉን። ለቢሾፍቱስ የትኛው ወር ይሻላል?

መልስ፦ አብዲ ሹፌር

ወንጪ ያምራል፤ ግን ዳርቻው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርድም አለው። ወደ ሐይቁ መውረዱ ቁልቁለት፣ መመለሱ ዳገት ነው። የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ። በፈረስ የማትሄዱ ከሆነ ከላይ ሆናችሁ ሐይቁን አይታችሁ፣ ሜዳ ሜዳውን ተራምዳችሁ ተመለሱ። ሩቅ ስለሆነ ማልዳችሁ ካልወጣችሁ ይመሽባችኋል።

ለቢሾፍቱ ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ናቸው። በክረምት ዋልካው ጫማ ላይ ይለጠፋል፣ እግር ያከብዳል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ እሬቻ ሆራ ላይ ስለሚከበር ከተማው በሰው ይሞላል። ለእግር ጉዞ ብቻ ከሆነ እሱን ቅዳሜና እሑድ አሳልፉት።