ሜኑዎችን ያለ ማውስ ከኪቦርድ ለማዘዝ የሚያግዝ ነፃ ፕሮግራም

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ በኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ እተዳደራለሁ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በሚያስተይቡበት ወቅት ማውሱ ከእጄ ስለማይለይ የቀኝ እጄን አንጓ ክፉኛ ያመኛል። በዊንዶውስ ላይ ሜኑዎችን ከኪቦርድ ለማዘዝ የሚያስችል፣ ክፍያ የማይጠይቅ ፕሮግራም ብትጠቁሙኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መላሽ 1፦ እግዜር ይማርዎት። አስቀድመው ዊንዶውስ ራሱ ያለውን ይሞክሩ። አልት ወይም ኤፍ 10 ሲጫኑ ሜኑው ይነቃል፤ ከዚያ በቀስት ቁልፎች ተዘዋውረው በኤንተር ይመርጣሉ፣ በኢስኬፕ ይወጣሉ። ወርድ ላይ አልትን ብቻ ቢጫኑ በየትእዛዙ አጠገብ የሚጫኑት ፊደል ይታይዎታል። ሺፍትና ኤፍ 10 አንድ ላይ ደግሞ ራይት ክሊክን ይተካሉ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

መላሽ 2፦ በዚህ ላይ ኦቶሆትኪ የተባለውን፣ ትእዛዝ ጽፈው ለቁልፎች ሥራ የሚሰጡበትን ነፃ ፕሮግራም እንዲጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ሜኑሴሌክት በሚባለው ትእዛዙ አማካይነት፣ በሜኑ ውስጥ ሁለትና ሦስት ደረጃ ወርዶ የሚገኝን ምርጫ እርስዎ በመረጡት አንድ ቁልፍ በቀጥታ ማስፈጸም ይቻላል። ሆኖም ይህ የሚሠራው በመደበኛው የዊንዶውስ ሜኑ ላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ሜኑ ለሌለው ለወርድ የአልት ፊደላቱን በቅደም ተከተል እንዲልክ አድርጎ መጻፍ ይሻላል።

ጠያቂ፦ ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰዓትም ይሠራል?

መላሽ 2፦ አዎን፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። የጻፉትን ትእዛዝ ወደ ኢኤክስኢ ፋይል (ራሱን ችሎ ወደሚሠራ የፕሮግራም ፋይል) ቀይረው በፍላሽ ከያዙት፣ ፕሮግራሙ ባልተጫነበት የዊንዶውስ ኮምፒውተርም ላይ ይሠራል።