የጎረቤት አገር ወጣቶች የጋራ ሰነድ፦ ተስፋው ወረቀት ላይ እንዳይቀር እንዴት ይጻፍ?

ጠያቂ፦ ኮሪደር

ሰላም ለሁላችሁ። የኢትዮጵያና የኬንያ ወጣት አመራሮች ለመንግሥታቱና ለኢጋድ (የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የጋራ ድርጅት) የሚያቀርቡት ባለ 4 ገጽ ሰነድ በረቂቅ ላይ ነው። «ነፃ ንግድ፣ ነፃ ዝውውር፣ የጋራ ልማት» ይላል። ሁሉም ተስማምቶበታል፤ ማን ምን ይሥራ የሚለው ግን የለበትም። ሐሳቡን ምን ላይ ማጥበብ ይሻላል? ሰነዱስ ለማን ይግባ?

መላሽ፦ የኬላ ነገር

አንድ ኬላ ያዙ፤ ሞያሌን። እዚያ ያለው የጋራ የድንበር አገልግሎት እንዲህ ነው የሚሠራው፦ ከኢትዮጵያ የሚወጣ መኪና በኢትዮጵያ በኩል ሳይቆም አልፎ ኬንያ በኩል ካለው ጣቢያ ይገባል። እዚያ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሠራተኛ የመውጫ ማኅተም ይመታል፤ ከዚያ በዚያው ሕንፃ ኬንያዊው የመግቢያውን ይመታል። ከኬንያ የሚመጣው ደግሞ በተገላቢጦሽ ኢትዮጵያ በኩል ይጨርሳል። ሁለት ጊዜ መቆም ቀርቶ አንድ ጊዜ ይሆናል ማለት ነው። ለዚህ ኢትዮጵያዊው ሠራተኛ በኬንያ መሬት ላይ የአገሩን ሕግ ማስፈጸም መቻል አለበት፤ ስለዚህ ስምምነቱ ውስጥ የቁጥጥር ክልሉ ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል።

እንዲህ ዓይነት ጣቢያ የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ በሕንፃው ሳይሆን በጥቃቅን ነገር ነው። መስከረም 1 የኛ በዓል ነው፤ ለኬንያ የሥራ ቀን ነው። ታኅሣሥ 3 ደግሞ እነሱ የጃምሁሪ (የሪፐብሊክ) በዓላቸውን ሲያከብሩ እኛ ሥራ ላይ ነን። ከሁለቱ ሠራተኞች አንዱ ከሌለ ሰልፉ ይቆማል፤ ስለዚህ የተረኛ ዝርዝር በጋራ ይውጣ። የዘመን አቆጣጠሩም አለ፦ የጤና ምስክር ወረቀት ላይ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይገለጽ 2017 ብቻ ከተጻፈ፣ በወዲያኛው በኩል ጊዜው ካለፈ ዓመታት የተቆጠሩ ይመስላል። ሁለቱም ቀኖች ጎን ለጎን ይጻፉ ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለመከልከልም ምክንያት አይኖርም።

መላሽ፦ የቆላ ሐኪም

ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ ግን ለጭነት መኪና ብቻ ነው የሚሆነው። ነፃ ዝውውር ለከተማ ልጅ ፓስፖርት ነው፤ ለቦረና አርብቶ አደር ግን ግጦሽና የውኃ ጉድጓድ ነው። ኢጋድም የሰዎችን ነፃ ዝውውርና የአርብቶ አደሮችን እንቅስቃሴ በሁለት የተለያዩ ፕሮቶኮሎች ያያቸዋል፤ ሰነዳችሁ አንድ ላይ ባይጨፈልቃቸው ጥሩ ነው።

መንጋ ሲንቀሳቀስ በሽታም አብሮ ይሻገራል፤ ለምሳሌ በቫይረስ የሚመጣውን የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን ውሰዱ። አንዱ አገር በጥቅምት፣ ሌላው በሚያዝያ ቢከትብ በመካከሉ መንጋው አንድ ጉድጓድ ላይ ተገናኝቶ በሽታው ይዞራል። ዘመቻው በሁለቱም በኩል በአንድ ወር፣ መንጋው ከመንቀሳቀሱ በፊት ማለቅ አለበት። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይያዛል፤ ዱቄቱ አንዴ በማሟሟያው ከተበጠበጠ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ጠርሙሱ መከፈት ያለበት ፍየሎቹ በረት ከገቡ በኋላ ነው። ከእናታቸው ባገኙት መከላከያ ሥር ያሉ ግልገሎች ቢከተቡም ክትባቱ ላይዝ ይችላል፤ 4 ወር ሲሞላቸው ይሻላል። የተከተበውን የሚለየው የጆሮ ምልክትም በሁለቱ አገሮች አንድ ዓይነት ካልሆነ ድንበር ተሻግሮ ትርጉም የለውም።

ዋናው የከብት ደስታ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ቫይረሱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ደግሞ እዚሁ አካባቢያችን፣ ኬንያ ውስጥ ነው። ጎረቤታሞች በጋራ ሠርተው ያስወገዱት ነገር አለ ማለት ነው፤ ይህን መግቢያችሁ ላይ አድርጉት።

መላሽ፦ ፕሮቶኮል

ለማን ለሚለው፦ ለኢጋድ ጽሕፈት ቤት ብቻ አትላኩ። ኢጋድ የሚወስነው በመግባባት ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ አባል አገርን አያዝም። መጀመሪያ በየአገራችሁ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አስገቡ፤ የኬላው ጉዳይ ለጉምሩክና ለኢሚግሬሽን፣ የክትባቱ ለግብርና። እነሱ ሲቀበሉት ነው በአምባሳደሮች ኮሚቴ በኩል ወደ ሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚሄደው። ደብዳቤው ላይ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተርን አንቀጽ 11 ጥቀሱ፤ ስለ ወጣቶች ተሳትፎ ነው። ቻርተሩ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 35 ዓመት ያለውን ስለሆነ የፈራሚዎችን ዕድሜ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

አጻጻፉን ኢትዮጵያ ለኬንያ ከምታደርገው የኤሌክትሪክ ሽያጭ ተማሩ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር 500 ኪሎ ቮልት ነው፤ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል። ሽያጩ ግን የተጀመረው በ200 ሜጋ ዋት ነው፤ ውሉም የ25 ዓመት ነው። መጠን፣ ጊዜ፣ ሻጭ፣ ገዢ ሁሉ ተለይቷል። የእናንተም እያንዳንዱ ጥያቄ እንዲህ ይቆጠር።

ጠያቂ፦ ኮሪደር

እግዜር ይስጥልን። ኬላውንና ክትባቱን ይዘን ሌላውን እናወጣለን። የመኪናው ቆይታ በምን ይለካ?

መላሽ፦ የኬላ ነገር

አማካይ ሰዓት ብቻ አትውሰዱ፤ ማን እንዳዘገየ አይታይም። ለእያንዳንዱ መኪና አራት ጊዜ ሰዓቱ ይመዝገብ፦ ሲደርስ፣ የመውጫ ማኅተም ሲመታ፣ የመግቢያ ማኅተም ሲመታ፣ ሲለቀቅ። የሾፌር ስም አያስፈልግም፤ የጭነቱ ዓይነት ግን ይኑር፤ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ ለብቻው መታየት አለበት። ሁለቱም ተረኞች በአንድ ቅጽ ላይ ይፈርሙ፤ ለ30 ቀን ያለማቋረጥ፣ በዓላቱም ሳይዘለሉ።