ባዶ ካዝና ላይ የሴቶች ቡድን ማቋቋም፦ ልጆቹን መጥቀም ነው ወይስ ማታለል?

የሆጤዋ በረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ አንድ ነገር አከራክሩኝ። ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን እንዳሠለጥንለት ጠይቆኛል። የተማርኩበት ግቢ ነው፣ በረኛ ሆኜም ተጫውቼበታለሁ። ጥያቄው ደስ ይላል። ችግሩ ከደብዳቤው ጋር የመጣው ሁለት ኳስና "በርቺ" የምትል ቃል ብቻ ናት። በጀት የለም። ማሊያው የወንዶቹ አሮጌ ነው፤ እጅጌው ክርን አልፎ ይወርዳል።

ያማከርኩት ሰው ሁሉ "አንቺ ጀምሪው፣ ድጋፉ ይከተላል" ይለኛል። እኔ የማስታውሰው ግን ሌላ ነው። ልምምዳችን 10 ሰዓት ነው ይባላል፤ ወንዶቹ ሜዳውን ሲለቁልን 11 ተኩል ይሆናል። ጨርሰን እየሮጥን ስንደርስ ካፌ ተዘግቷል። አንዲት የካፌ እናት ነበሩ፣ ሳህን በሳህን ከድነው ያስቀምጡልን ነበር። እንጀራው ጠርዙ ደርቆ ይጠቀለላል፣ ወጡ ላይ ዘይቱ ረግቶ ይቆማል። የደሴ ብርድ ታውቁታላችሁ። ያንን ቆመን በልተን ወደ ዶርም። እሳቸው ሥራ ሲለቁ ቡድኑ ሁለት ወር አልቆየም። አሰልጣኝ አልጠፋብንም፣ ኳስም አልጠፋብንም። ሳህን የሚያስቀምጥልን ነው የጠፋው።

እና ጥያቄዬ ይኸው ነው። ያለ ድጋፍ መጀመር ልጆቹን መጥቀም ነው ወይስ ማታለል? እኔ ማታለል ነው ወደሚለው አደላለሁ። ልቤ ግን ሜዳው ላይ ነው፣ አልዋሽም።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
እህቴ፣ አንቺ ራስሽ ያለ ድጋፍ ተጫውተሽ አይደል እንዴ ዛሬ "ነይ አሠልጥኚ" የተባልሽው? ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተታለልሽው? እኔ ያለሁት ኮምቦልቻ ነው። የሰፈሬ ልጆች ድንጋይ አስቀምጠው ጎል ይሠራሉ፣ ይጫወታሉ። ማንም በጀት አልጠየቀም።

የኮሌጅ የሴቶች ኳስ ሲነሳ አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ የሚጠራው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነው። አንሰን ዶራንስ የሴቶቹን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲይዝ የወንዶቹም አሰልጣኝ ነበር። እስከ 1988 ሁለቱንም ይዞ ቆየ። በ2024 ሲለቅ 21 የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ዋንጫ ሰብስቦ ነበር። ሩቅ ነው ካላችሁ ደቡብ አፍሪካን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የካፍ የሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ፣ የእኛው ንግድ ባንክ በነበረበት ውድድር ላይ፣ የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲም ነበር። የተማሪ ቡድን! ከአፍሪካ ክለቦች ጋር! እነሱም አንድ ቀን ከዜሮ ጀምረዋል። ጀምሪው በቃ።

ሒሳብ ክፍል፦
ወንድሜ ሐረጎ፣ ታሪኩን ከመሃል ነው የጀመርከው። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አውጥተዋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ትምህርት ቤት ሰውን በፆታው ማግለል አይችልም ይላል፤ ስፖርትም እዚያ ውስጥ ገባ። ዶራንስ የሴቶቹን ቡድን የያዘው ሕጉ ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የመጀመሪያው የኤንሲኤኤ የሴቶች ሻምፒዮና በ1982 ሲካሄድ ደግሞ የተሳተፈው 12 ቡድን ብቻ ነው። ቀድሞ የገባ ቀድሞ በላ። ሰውየው ጎበዝ መሆኑን አልክድም። ግን ከጀርባው ሕግ ነበር፣ "በርቺ" አልነበረም። እኛም በወረቀት አናንስም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ስለ ሴቶች እኩልነት ምን እንደሚል አንብቡት። ወረቀቱ ሜዳ ድረስ አልወረደም እንጂ።

አሁን ወደምኖርበት ልምጣ። ኮሌጅ ውስጥ ሒሳብ ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጫለሁ። "በጀት የለም" ሲባል አብዛኛውን ጊዜ "በጊዜው አልጠየቃችሁም" ማለት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ዕቅዱ ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው የሚሠራው። ስፖርት ክፍል ትዝ የሚለው ውድድር ሊደርስ ሲል ነው። ያኔ ብሩ ቢገኝ እንኳ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ፣ ግዥ ኮሚቴ ጠብቅ፣ በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ... ማሊያው ከስቶር ሲወጣ ውድድሩ አልቋል። ሰኔ 30 ሲመጣ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ይሆናል። ልጆቹ ታኬታ እየተዋዋሱ ብር ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

የቦርከና ልጅ፦
ቆይ ግን የወንዶቹ ቡድንስ ምን አለው? እኛም ታኬታ በየኪሳችን ነው የምንገዛው። የሴትና የወንድ ጉዳይ አታድርጉት። ማጣት ነው።

የሆጤዋ በረኛ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ ታኬታ እናንተም የላችሁም። ሜዳው ግን ከ10 እስከ 11 ተኩል የእናንተ ነው። የሜዳ ሰዓት በብር አይገዛም።

የቦርከና ልጅ፦
ይቺማ ጎል ናት። አልከራከርም።

ስፖርት ሳይንስ 3ኛ ዓመት፦
እኔ ሁለታችሁም ጋ ነኝ፣ አትሳቁብኝ።

ያለ ብር የሚሠራው ብዙ ነው። 22 ልጅ እስኪሞላ አትጠብቂ። 14 ካሉሽ ግማሽ ሜዳ ይበቃሻል፣ ሰባት ለሰባት አጫውቻቸው። እንዲያውም አንዷ ልጅ ኳስ የምታገኝበት ጊዜ ይበዛል። ኅዳር ላይ የዲፓርትመንት ውድድር አዘጋጂና ዳር ቆመሽ እዪ፣ ተጫዋች የሚገኘው እዚያ ነው። በረኛ ከእጅ ኳስ ልጆች ውስጥ ፈልጊ (ይሄን ለአንቺ መንገር አይገባኝም)። ረዳት አሰልጣኝ ከፈለግሽ ደግሞ ስፖርት ሳይንስ የሚማር ሁሉ የተግባር ልምምድ ቦታ ይፈልጋል። እኔ ራሴ እመጣለሁ።

ቀጥሎ ጉልበት። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ይልቅ ቶሎ ይበጠሳል። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባል ማሟሟቂያ አለ፦ 15 እንቅስቃሴ፣ 20 ደቂቃ፣ ከኳስ ሌላ ዕቃ አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኖርዌይ ውስጥ በወጣት ሴት ተጫዋቾች ላይ የወጣው ጥናት ጉዳትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል ይላል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ካልሠራሽው ግን ዋጋ የለውም።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን ወገን ልያዝ። የተበጠሰ ጅማት በማሟሟቅ አይመለስም። ጓደኛዬ አምና ጠጠር በበዛበት ሜዳ ላይ ስትዞር እግሯ ተተክሎ ቀረ፣ ሰውነቷ ብቻ ዞረ። "ቋ" ሲል ሰምተነዋል። በባጃጅ ወሰድናት፣ ሹፌሩ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እየጮኸች። ኤክስሬይም ካርዱም ከቤተሰቧ ኪስ ወጣ። የተጫወተችው ለግቢው ነው፣ ግቢው ግን "ልምምድ ላይ እንጂ ውድድር ላይ አይደለም" አለ። ዛሬ ደረጃ የምትወርደው በጎን ነው። ስለዚህ "ጀምሪው በቃ" ለሚለው ሰው ጥያቄ አለኝ፦ ጉልበቷን ማን ያሳክማት?

ሐረጎ ቁልቁለት፦
እግዜር ይማርልሽ። እውነት ነው፣ እሱን አላሰብኩትም። ግን እኮ ሰፈርም ስትጫወት ትጎዳለች። ያለ ሐኪም ኳስ አይነካም ካልን አገሩ ላይ ኳስ አይኖርም።

ስፖርት ሳይንስ 3ኛ ዓመት፦
ሰፈር ስትጫወት ማንም ማሊያ አልብሶ ፎቶ አንስቶ ገጹ ላይ አይለጥፋትም።

የተማሪ እናት፦
ልጆቼ፣ የእናንተን ክርክር ሳነብ አመሸሁ። የእኔ ልጅ ኳስ ተጫዋቿን ሎዛ አበራን እያየች ነው ያደገች። ከዱራሜ ተነስታ ማልታ ድረስ ሄዳ ጎል ስታገባ የእኔዋ ቤት ውስጥ ትዘላለች። አልከለክላትም። የምጨነቀው ስለ ሦስት ነገር ነው። ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ኳስ ብላ ብትወድቅ ማን ይጠየቃል? ሁለተኛ ማምሸቱ ነው፤ ከሜዳ እስከ ቤት ጨለማ ነው፣ እኛ ግቢ ውስጥ አናሳድራትም። ሦስተኛ ሒጃቧን አውልቂ የሚላት እንዳይመጣ።

የሆጤዋ በረኛ፦
እናቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሒጃቡን አይንኩባት። ፊፋ ራስ መሸፈኛን እ.ኤ.አ. በ2014 በይፋ ፈቅዷል። ከማሊያው ጋር ቀለሙ ይሂድ፣ ከማሊያው ጋር አይሰፋ፣ አደጋ የሚያደርስ መርፌ አይኑርበት፤ በቃ። "አይፈቀድም" የሚላት አሰልጣኝ ካለ ደንብ አላነበበም ማለት ነው። እኛ ወሎ ነን፣ ግማሽ ቡድኔ ረመዳንን ይጾማል። ያኔ ልምምዱን ቀለል አድርጌ ወደ ማፍጠሪያው ማስጠጋት የእኔ ሥራ ነው። ጨለማው ላይ ግን መልስ የለኝም። ሜዳውን 10 ሰዓት ካላገኘሁ ያመሻሉ፣ ሌላ ዘዴ የለም።

ፈተናውን በተመለከተ የኳስ ሰው ሁሉ ትምህርት አይተውም። ዳኛዋ ሊዲያ ታፈሰ ፋርማሲ የተማረች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ዳኝታለች። ግን ይሄንን የምነግርዎ ልጅዎን ላባብልበት አይደለም። አራተኛ ዓመት ስትደርስ ሁለተኛውን መንፈቅ አሳርፋታለሁ።

የተማሪ እናት፦
አብሽሪ ልጄ። እንዲህ ስትይ ደስ አለኝ። ጨለማውን ግን አስቢበት።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ተግባራዊ ልሁን። ዕቁብ ግቡ። ሃያ ልጅ በሳምንት ትንሽ ትንሽ ታዋጣ፣ በየተራ ታኬታ ይገዛ። እኛ ሰፈር ሠርቷል። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ውረዱ፣ የወዳጅነት ጨዋታ እናዘጋጃለን። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሚኒባስ ተካፍላችሁ ነው። እናንተ 2,500 ሜትር ላይ ተለማምዳችሁ 1,850 ላይ ስትወርዱ ሳንባችሁ ይከፈታል፣ ታሸንፉናላችሁ እንኳ። መልሱን ደሴ ስንመጣ ግን በሃያ ደቂቃ ምላሳችን ይወጣል። (አንዴ የበልግ ዝናብ ላይ ወጥተን አምስት ጎል ገብቶብናል። የጭቃው ነው እላለሁ እስከ ዛሬ።)

ሒሳብ ክፍል፦
ዕቁቡ ጥሩ ነው፣ ለታኬታ። ታኬታ የራሷ ነው፣ ተመርቃም ይዛው ትሄዳለች። የሚኒባሱ ግን አልዋጥ አለኝ። ተማሪ ከኪሷ ከፍላ የግቢውን ስም ልታስጠራ ነው? ያንን አንዴ ከለመዱ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ ማንም አይጽፈውም። "አምና በራሳቸው ሄደው የለ?" ይላሉ። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ።

እና አንቺ፣ የሆጤዋ። ጥያቄሽን "ድጋፍ አለ ወይስ የለም" ብለሽ አትያዢው። የፈለግሽውን ለሁለት ክፈይው። ብር የሚጠይቀው ማሊያ፣ ትራንስፖርትና ሕክምና ነው፤ እሱን ለሚቀጥለው ሐምሌ በጊዜው ጠይቂ፣ ቅጹን አብሬሽ እሞላለሁ። ብር የማይጠይቀው ደግሞ አለ። የሜዳ ሰዓት አንድ ፊርማ ነው። የአንቺ ሳህንም አንድ ፊርማ ነው፤ "የሚከተሉት 20 ተማሪዎች እራት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይቀመጥላቸው" የሚል ደብዳቤ ለካፌ። ምግቡ እንደሆነ የእነሱው ድርሻ ነው፣ ተጨማሪ ሳንቲም አያስወጣም። ይህን ፊርማ ከከለከሉሽ ነገሩ የብር እንዳልሆነ ያኔ ታውቂያለሽ። እምቢ በያቸው።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ጋሼ፣ እምቢ ካለች እኮ ቡድኑ አይኖርም። ማን ይጎዳል? ልጆቹ ናቸው። የኮሌጁ ዲን ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ሒሳብ ክፍል፦
እሺ ካለችም በሁለት ወር ይፈርሳል። ራሷ ነገረችህ እኮ።

ሐረጎ ቁልቁለት፦
ሁለት ወርም ሁለት ወር ነው። እሷ ከዚያ ቡድን ነው የወጣችው።

የሆጤዋ በረኛ፦
ሁለታችሁንም እያነበብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ደብዳቤ ጽፌ ገባሁ። የሜዳው ወዲያው ተፈረመ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 እስከ 11 ተኩል የሴቶች ነው። የቦርከና ልጅ፣ ጓደኞችህን አስጠንቅቅልኝ። ለእናታችንም ጨለማው በዚህ ይቃለላል። ማክሰኞና ሐሙስ ከ12 በፊት ቤቷ ትገባለች።

የሳህኑን ደብዳቤ ግን "እናየዋለን" አሉኝ። "ምኑን ነው የምታዩት?" አልኩ። ዝም አሉ። ጸሐፊዋ ናት ቀስ ብላ "ዓርብ ነይ" ያለችኝ።

እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ። ካልተፈረመ አላውቅም፣ እውነቴን ነው። እስከዚያ ግን ማክሰኞ ሜዳው የእኛ ስለሆነ ዝም ብዬ ላሳልፈው አልችልም። የመጡትን ልጆች አያቸዋለሁ። ስፖርት ሳይንስ፣ ያቺን ማሟሟቂያ ይዘሽ ነይ። ሁለቱ ኳሶች ደግሞ ነፍስ የላቸውም። የኳስ መንፊያ መርፌ ያለው አለ?

የቦርከና ልጅ፦
እኔ ጋ አለ። 9 ተኩል ላይ በሩ ጋ እሰጥሻለሁ። መልሺልኝ ግን።