የማሾ ዋጋ ወርዷል፤ አሁን ይሸጥ ወይስ ይቆይ? (ኮምቦልቻ)

ጥያቄ፦ የሀርቡ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ቃሉ ወረዳ ማሾ ያመርታሉ። ዘንድሮ 12 ኩንታል ገብቷል። ኮምቦልቻ ያሉ ነጋዴዎች የሚጠሩት ዋጋ ግን ከአምናው በጣም ያንሳል። አባቴ «ነቀዝ ከሚበላው በርካሽ ይሂድ» ይላሉ፤ እኔ ሦስት አራት ወር ብናቆየው ባይ ነኝ። ለማዳበሪያ የተበደርነው ገንዘብ መክፈያው ደርሷል። እህሉ አሁን በተራ ጆንያ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ቦርከና

አባትህ ነቀዙን መፍራታቸው ልክ ነው። የማሾ ነቀዝ ከማሳ አብሮ ነው የሚገባው። እንስቷ እንቁላሏን በደረቀው ቅርፊት ላይና በፍሬው ላይ ትለጥፋለች። አንድ እፍኝ ማሾ ነጭ ሳህን ላይ አፍስስና ፀሐይ ላይ አስተውል፤ ፍሬው ላይ ከስኳር ቅንጣት ያነሰ ነጭ ነጥብ ካየህ እንቁላል ነው። ትሉ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውስጡን በልቶ ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ሙቀት ባለበት ይህ ዙር ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይፈጃል። ደሴ ያለ ዘመድ ቤት ብታስቀምጡት ብርዱ ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። በተራ ጆንያ አራት ወር ማቆየት ማለት ሦስት ዙር ነቀዝ መቀለብ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ዛሬውኑ ሽጡ።

ማቆየት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ድርቀቱን እዩ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ሩብ ያህል ማሾና ሁለት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አናውጡት፣ 15 ደቂቃ አስቀምጡት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ገና ነው። ካልተጣበቀም ወዲያው ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ አትቋጥሩት፤ የሚፈለገው 12 በመቶ አካባቢ ስለሆነ አንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ፀሐይ ስጡት። በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ብሎ መሰንጠቅ አለበት፤ ከተጨፈለቀ እርጥብ ነው። የምታሰጡት ሸራ ላይ ይሁን። አፈር ላይ የተሰጣ ጠጠር ይይዛል፣ ነጋዴውም ጠጠሩን ሰበብ አድርጎ ዋጋ ይቀንስባችኋል።

መልስ፦ እማ ዘሀራ

ልጄ፣ ፒክስ የሚባለውን ሦስት ድርብ ከረጢት ፈልጉ። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ አንድ የተሸመነ ጆንያ አለው። የሚሠራው አየር በመዝጋት ነው፦ ነቀዙ ያለውን ኦክስጅን ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል፣ ይሞታል። መድኃኒት የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሠራሩ ላይ ነው። ሳትሞሉት እያንዳንዱን ላስቲክ በአየር ነፍታችሁ አፉን ጨምቃችሁ ያዙና ጫን በሉት፤ እስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቀዳዳ አለው። እህሉን ስትጨምሩ እየነቀነቃችሁ ጠቅጥቁት፣ በመካከል አየር እንዳይቀር። የውስጠኛውን ላስቲክ አፍ አየሩን አስወጥታችሁ አጥብቃችሁ ጠምዝዙት፣ አጥፉት፣ በገመድ እሰሩት። ከዚያ ሁለተኛውን ለብቻው፣ በመጨረሻ ጆንያውን። ሦስቱን ባንድ ገመድ ጠፍሮ ማሰር አይሆንም፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ከታሰረ በኋላ «እስኪ ልየው» እያሉ መክፈት የለም። በከፈታችሁ ቁጥር አዲስ አየር ሰጥታችሁ ነቀዙን ታነቃቃላችሁ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ለዘር የምታስቀሩትን ትንሽ ማሾ ለአንድ ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ማሸት ይቻላል፤ እንቁላሉ እንዳይፈለፈል ያደርጋል። ለገበያ የሚሄደውን ግን ዘይት አታስነኩት፣ መልኩ ይበላሻል።

መልስ፦ ሒሳብ ያዥ

ከረጢቱ ጥሩ ነው፤ ግን ማቆየት ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። ለስሌት ያህል የዛሬው ዋጋ ኩንታሉ 6,000 ብር ነው እንበል። ዕዳው በዓመት 18 በመቶ ወለድ ቢኖረው፣ ከሽያጩ ከፍላችሁ ማቃለል የምትችሉትን 6,000 ብር ለአራት ወር ማቆየት 360 ብር ያስከፍላል። ከረጢቱ 150 ብር ቢሆንና ሦስት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ድርሻ 50 ነው። እርጥበቱ ከ14 ወደ 12 በመቶ ሲወርድ ደግሞ 100 ኪሎው 97.7 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ያ 97.7 ኪሎ 6,410 ብር (6,000 + 360 + 50) ማምጣት አለበት፤ ከአራት ወር በኋላ ኩንታሉ 6,560 ብር ገደማ ካልደረሰ ዛሬ መሸጥ ይሻል ነበር ማለት ነው። የራሳችሁን ቁጥር አስገቡበት።

ማሾ እንደ ጤፍ የአገር ቤት ምግብ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ወደ ውጭ የሚላክ ነው። የውጭ ገዥ ሲቀዘቅዝ የኮምቦልቻ ዋጋ ሳይነሳ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። ሁሉን በአንድ ላይ አትወራረዱ። ዕዳውን የሚዘጋውን ያህል፣ ምናልባት 4 ወይም 5 ኩንታል፣ አሁን ሽጡ፤ ቀሪውን በሁለት ጊዜ።

መልስ፦ ሙሐባ

ከሒሳብ ያዥ ጋር እስማማለሁ፣ አንድ ልጨምር። የኬንያ የሻይ ገበሬዎች ዋጋ ሲወርድ የሚጎዱት ከእኛ በባሰ መንገድ ነው። የተለቀመው ቅጠል በሰዓታት ውስጥ ፋብሪካ ካልገባ ይበላሻል፤ ማቆየት የሚባል ነገር የለም። አነስተኛ አምራቾቹ በየወሩ በኪሎ የተወሰነ ክፍያ ይቀበላሉ፣ ዋናው ቦነስ በዓመት መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ሻያቸው በሚሸጥበት በሞምባሳ ጨረታ ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱ ነው። ተክሉም ለአሥርት ዓመታት የሚቆም ስለሆነ በአንድ ክረምት ነቅሎ ሌላ መዝራት አይቻልም። ማሾ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለ ጊዜ ይደርሳል፣ ይቀመጣል፣ በሚቀጥለው ክረምት ግማሹን ማሳ ማሽላ ማድረግ ይቻላል። አባትህ ይህን ዕድል ይጠቀሙበት።

ሳትሸጡ በፊት ደግሞ ለዩት። ማሾ ባንድ ጊዜ አይደርስም፤ ያልበሰለው አረንጓዴና ዝናብ የመታው ቡናማ ከጥሩው ጋር ከተቀላቀለ ሁሉም በመጥፎው ዋጋ ይሄዳል። በሰፌድ አንጓሉት፣ የተሸበሸበውን ለብቻ አድርጉ። ቤት መዝናችሁ ውጡ፤ «ለጆንያ፣ ለቆሻሻ» እየተባለ ከየኩንታሉ ኪሎ ሲቀነስ ልትከራከሩ የምትችሉት የራሳችሁን ሚዛን ስታውቁ ነው። 12 ኩንታል ብቻውን ትልቅ ገዥ አይስብም፤ ከጎረቤት ጋር በማኅበር አሰባስባችሁ ብትጠይቁ ደላላው መካከል አይገባም።

የሀርቡ ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ሳህን ላይ አፍስሼ ሳይ ነጭ ነጥብ አለው። ሱቅ ውስጥ «ክኒን ጣል አድርግበት» አሉኝ።

መልስ፦ ቦርከና

በፍጹም! ክኒኑ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ሰው በሚያድርበት ቤት ማስቀመጥ ልጆችን መግደል ነው። ይልቅ በፀሐይ ግደሉት፦ የደረቀውን ማሾ ጥቁር ላስቲክ ላይ ከ3 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ዘርጉ፣ በሚያሳይ ላስቲክ ሸፍኑት፣ ዙሪያውን በድንጋይ ያዙት። ደመና በሌለው ቀን እኩለ ቀን አካባቢ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ለዘር የታሰበውን ግን ለዩት፣ ሙቀቱ ከበዛ ቡቃያውን ሊጎዳ ይችላል። ከዚያ ጥላ ስር ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን ከረጢት ውስጥ ከጨመራችሁት ላብ ያወጣና ይሻግታል።

መልስ፦ እማ ዘሀራ

ከረጢቱንም አይጥ ካገኘው ውስጠኛው ላስቲክ ይበሳል፣ ያን ጊዜ ጥቅም የለውም። በየሳምንቱ ከውጭ ዞር ዞር ብለህ እየው። የተበሳ ካገኘህ ያን ከረጢት መጀመሪያ ሽጠው።