የመኪናዬ ሞተር ጥልቅ ውሃ ሳቋርጥ ይጠፋብኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። መኪናዬ የቤንዚን ፎር ባይ ፎር ናት። ስኖርክል (ሞተሩ አየር ከላይ እንዲስብ የሚያደርግ ቱቦ) ተገጥሞላታል፤ እስከ አየር ማጽጃው ድረስ ያለውን መገጣጠሚያም በደንብ አሽጌዋለሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ውሃ አይታመቅም፣ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምማል። የዲፈረንሻሉንና የካምቢዮውን መተንፈሻም በቱቦ ወደ ላይ አውጥቻለሁ።

ያስቸገረኝ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ማለትም ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። ክዳኑን ዙሪያውን በሲሊኮን ደፍኜዋለሁ። የካንዴላ ገመዶቹን ጫፍም ውሃ የማያስገባ ግሪስ ቀብቻለሁ። ውሃው ከቬንትሌተሩ (ከሞተር ማቀዝቀዣው ማራገቢያ) በታች እስካለ ድረስ ምንም አትል። ቬንትሌተሩ ውሃ ሲነካ ግን ሞተሩ ላይ ይረጨዋል። ትንሽ ቆይታ መንተፋተፍ ትጀምርና ቀጥ ትላለች። ክዳኑን ስከፍተው የውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ጤዛ ያለ ጠብታ አገኛለሁ። በጨርቅ ጠርጌ ስመልሰው ወዲያው ትነሳለች።

ታዲያ ይሄ ጠብታ ከውጭ የገባ ነው? ወይስ ጥርቅም አድርጌ ስለዘጋሁት የጋለው አየር በቀዝቃዛው ውሃ እዚያው ረጠበ? ቀጭን መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ ላውጣለት? የቬንትሌተሩን ቺንጋ ፈትቶ መግባትስ ያዋጣል፣ ወይስ ሞተሩን ያግለዋል? የሞከራችሁት ካላችሁ በናታችሁ ንገሩኝ፤ በጣም ጨንቆኛል።