«ቶናሪ ኖ ሴኪ-ኩን» ማየት ይገባዋል?

ጥያቄ፦ ቀለል ያለ አጭር የኮሜዲ አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) እየፈለግኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን ይሄንን ሰዎች ደጋግመው ያነሱልኛል። 21 ክፍል ነው፣ አንዱም ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ ያስቃል? ድክመቱስ ምንድን ነው?

መልስ 1፦ እየው፣ አትቆጭም። ዋናው ገጸ ባህሪ ተማሪው ሴኪ ነው፣ ትምህርት ላይ ተቀምጦ ከመማር በቀር የማያደርገው የለም። መጀመሪያው ክፍል ላይ ላጲሶቹን ዴስኩ ላይ እንደ ዶሚኖ ሲደረድር፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ዮኮይ ትምህርቷን ትታ በዓይኗ ስትከተለው በሳቅ ነው የሞትኩት። ትልቁ ጥንካሬው ሴኪ አለማውራቱ ነው። ታሪኩን የምትፈጥረው እሷ ናት። እሱ የሾጊ (የጃፓን ቼዝ) ጠጠሮችን ዝም ብሎ ያንቀሳቅሳል፣ እሷ ጭንቅላት ውስጥ ግን ጦርነትና ክህደት ይሆናል። ድምጿን የሰራችው ካና ሃናዛዋ ናት፣ ክፍሎቹን ብቻዋን ተሸክማቸዋለች ብል አላጋነንኩም።

መልስ 2፦ እሱስ ልክ ነህ፣ ግን ድግግሞሹ ይሰለቻል። እሱ ይጫወታል፣ እሷ ትፈዛለች፣ መጨረሻ ላይ አስተማሪ የሚቆጣው እሷን ነው። የተወሰነ ካየህ በኋላ ቀልዱ ሳይመጣ ታውቀዋለህ። የሮቦት ቤተሰቡ ያለባቸው ክፍሎች ግን ይለያሉ። ዮኮይ አሻንጉሊት መሆናቸውን ረስታ ስትጨነቅላቸው አንጀት ትበላለች።

መልስ 3፦ ድግግሞሹ የሚከብደው አንዴ ቁጭ ብለህ ሁሉንም ስትጨርሰው ነው፣ በቀን አንድ ሁለት ክፍል ይበቃል። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ጎቶ የምትባለዋ ልጅ ሁለቱን ፍቅረኛሞች ናቸው ብላ ስትደነግጥ ያለው ቀልድ በጣም ምርጥ ነው፣ ያንን ትንሽ ቢያሰፉት ኖሮ ከዴስኩ ወጣ ይሉ ነበር።