ጥቆማ፦ ሐዋሳ ላይ ለቡና፣ ለማርና ለወተት ምርመራ የሚሆን የክሮማቶግራፊና የናሙና ዝግጅት ዕቃ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ላይ የቡና፣ የማርና የወተት ናሙና የሚመረምር አነስተኛ ላቦራቶሪ ለማቋቋም እየተዘጋጀን ነው። በጀታችን አንድ ዋና መሣሪያና መጠነኛ ተጓዳኝ ዕቃ ለመግዛት ይበቃል። ከሰበሰብናቸው ፕሮፎርማዎች ግማሾቹ ኤችፒኤልሲ (የናሙናውን ይዘት በፈሳሽ እያስኬደ የሚለይ)፣ ግማሾቹ ጂሲ-ኤምኤስ (በጋዝ እያስኬደ ለይቶ በክብደቱ የሚያውቅ) ናቸው። በከተማችን ሁኔታ የትኛው ይሻላል? ለናሙና ዝግጅትስ ምን እንግዛ? ልምድ ያላችሁ ብትጠቁሙን እናመሰግናለን።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ፤ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እዚሁ ሐዋሳ በላቦራቶሪ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁና በመሣሪያ ግዥ ኮሚቴም ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተቀመጥሁ፣ ያየሁትን ሳልቆጥብ እጽፍላችኋለሁ።

ምርጫዬ ኤችፒኤልሲ ነው፤ ዳዮድ አሬይ (ናሙናው የሚውጠውን ብርሃን የሚለካ) እና ፍሎረሰንስ (ናሙናው መልሶ የሚያበራውን የሚለካ) ሁለቱም ዲቴክተሮች ያሉት ቢሆን ደግሞ አጥብቄ እመክራለሁ። ምክንያቱ የምትመረምሩት ነገር ራሱ ነው። የቡና ካፌይን በ273 ናኖሜትር፣ ክሎሮጀኒክ አሲድ በ325 ናኖሜትር አካባቢ፣ የማር ኤችኤምኤፍ (ማር ሲሞቅ ወይም ሲቆይ የሚጨምር ውህድ) ደግሞ በ285 ናኖሜትር አካባቢ በዳዮድ አሬይ ያለ ብዙ ድካም ይነበባሉ። በወተት ውስጥ የሚፈለገው አፍላቶክሲን ኤም1 እና በቡና ውስጥ የሚፈለገው ኦክራቶክሲን ኤ (ሁለቱም ከሻጋታ የሚመጡ መርዞች) በተፈጥሯቸው ብርሃን ተቀብለው መልሰው የሚያበሩ በመሆናቸው ፍሎረሰንስ ዲቴክተር እጅግ ዝቅተኛ መጠናቸውን ሳይቀር ያሳያል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት በወተት ላይ የሚፈቅደው የአፍላቶክሲን ኤም1 መጠን በኪሎግራም 0.05 ማይክሮግራም ብቻ ሲሆን፣ በተቆላ ቡና ላይ የሚፈቅደውን ኦክራቶክሲን ኤ ደግሞ ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ5 ወደ 3 ማይክሮግራም አውርዶታል።

ጂሲ-ኤምኤስ ለጸረ ተባይ ቅሪት ተመራጭ መሆኑን አልክድም። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ጃፓን በቡናችን ላይ ከተፈቀደው በላይ የሆነ ቅሪት ማግኘቷን ተከትሎ ንግዱ ምን ያህል እንደተጎዳ የሲዳማ ቡና ነጋዴ ሁሉ ያስታውሰዋል። ነገር ግን ጂሲ-ኤምኤስ ንጹህ ሂሊየም ሳይቋረጥ ይፈልጋል፤ ሲሊንደሩ አልቆ ተተኪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ ሥራው ይቆማል። ምድጃው ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ብቻውን ከ2 ኪሎዋት የሚያልፍ ስለሆነ ዩፒኤሱም የዚያኑ ያህል ትልቅ መሆን አለበት። መብራት ተቋርጦ ቫኩሙ በወረደ ቁጥር ደግሞ መልሶ እስኪረጋ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ ማግሥቱ መጠበቅ ግድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት የጸረ ተባይ ናሙናችሁን አክሬዲቴሽን (የብቃት ዕውቅና) ወዳላቸው የአዲስ አበባ ላቦራቶሪዎች እየላካችሁ፣ እዚህ በኤችፒኤልሲ የሚሠራውን በሚገባ ብትሠሩ የተሻለ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ሞዴሎቹ ልምጣ። ገበያው ላይ የሚቀርቡላችሁ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው እንደ አጊለንት 1260 ያለው፣ ፓምፑ፣ ናሙና መውሰጃው፣ የኮለም (የናሙናው ይዘት የሚለያይበት ቱቦ) ምድጃውና ዲቴክተሩ ለየብቻ ሆነው አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረደሩበት ነው። ሁለተኛው እንደ ሺማድዙ አይ-ሲሪስ ወይም እንደ ዋተርስ አሊያንስ ዋና ዋና ክፍሎቹ በአንድ አካል የተሠሩበት ነው። በአንድ አካል የተሠራው ቦታ አይፈጅም፣ ቱቦ የሚያያይዝበት መጋጠሚያ አነስተኛ ስለሆነ ፍሳሽም ይቀንሳል፤ ለአዲስ ሠራተኛም ለመልመድ ይቀላል። ይሁን እንጂ መሐንዲሱ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ ከተማ እኔ የሚደረደረውን እመርጣለሁ፤ ፓምፑ ብቻ ሲበላሽ ፓምፑን ብቻ ነቅሎ በመኪና አዲስ አበባ መላክ ይቻላልና። መሐንዲሱ በወር አንድ ጊዜ ሐዋሳ የሚመጣ አቅራቢ ካገኛችሁ ግን ይህ ክርክሬ ይላላል።

የትኛውንም ብትመርጡ የኮለም ምድጃውን ነገር በጥንቃቄ ጠይቁ። የሐዋሳ የየካቲትና የመጋቢት ከሰዓት በኋላ የክፍሉን ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ያደርሰዋል። ማሞቅ ብቻ የሚችል ምድጃ ከክፍሉ ሙቀት ቢያንስ 5 ዲግሪ ከፍ ካላለ ሙቀቱን አረጋግቶ መያዝ ስለማይችል፣ ዘዴው በ30 ዲግሪ ይሠራ የሚል ከሆነ ጠዋትና ከሰዓት የምታገኙት የፒክ ሰዓት (ንጥረ ነገሩ ከኮለሙ የሚወጣበት ደቂቃ) ይለያያል። ወይ ማቀዝቀዝም የሚችል ፔልቲየር ያለው ምድጃ ግዙ፣ ወይ ዘዴዎቻችሁን ከመጀመሪያው በ40 ዲግሪ አረጋግጡ። አዳማ ላሉት ወዳጆቻችን ይህ ምክር ይበልጥ ይሠራል። የከፍታው ጉዳይ ግን ለእኛ ቀላል ነው፤ አብዛኞቹ አምራቾች መሣሪያቸው እስከ 2,000 ሜትር እንደሚሠራ ሲጽፉ ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት።

ኮለሙን በተመለከተ፣ አቅራቢዎች ሁልጊዜ የሚሰጡት 250 ሚሊሜትር ርዝመትና 4.6 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለውን ሲ18 የተባለ የተለመደ ኮለም ነው። በደቂቃ 1 ሚሊሊትር ሲፈስስ ስምንት ሰዓት ውስጥ 480 ሚሊሊትር ሞባይል ፌዝ (ናሙናውን በኮለሙ ውስጥ የሚያስኬደው ፈሳሽ) ይጠጣል። 3.0 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ግን ፈሳሹ በኮለሙ ውስጥ በዚያው ፍጥነት እንዲጓዝ በደቂቃ 0.43 ሚሊሊትር ያህል ስለሚበቃው፣ በስምንት ሰዓት የሚፈጀው 200 ሚሊሊትር ያህል ነው። ለሞባይል ፌዙ የሚሆነው አሴቶናይትራይል በውጭ ምንዛሪ የሚገባ በመሆኑ፣ በተለይም የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ይህ ልዩነት በዓመት ውስጥ የኮለሙን ዋጋ ብዙ ጊዜ ይመልሳል። ስለዚህ 150 በ3.0 ሚሊሜትር የሆነ፣ 2.7 ማይክሮሜትር ቅንጣት ያለው ኮለም ከጥበቃ ኮለሙ ጋር እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ አደራ የምላችሁ ግን የናሙና ዝግጅቱን ነው። እኔ ብሆን ከበጀቱ ሩቡን ለዚህ እመድባለሁ። ብዙ ላቦራቶሪ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር አውጥቶ ማሽን ከገዛ በኋላ ቡናውን በቤት መፍጫ ፈጭቶ፣ በወረቀት አጥልሎ ያስገባና ከስድስት ወር በኋላ ኮለሙ ሲደፈን ማሽኑን ይወቅሳል።

ሴንትሪፊዩጅ ስትገዙ ሻጩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚሽከረከር ብቻ ይነግራችኋል፤ እናንተ ግን የምትፈልጉትን በጂ (ኃይሉ የምድር ስበት ስንት እጥፍ እንደሆነ) ጠይቁት። ክንዱ 10 ሴንቲሜትር የሆነ ማሽን በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የሚሰጠው 1,800 ጂ ገደማ ሲሆን፣ ክንዱ 17 ሴንቲሜትር ሲሆን በዚያው ዙር 3,000 ጂ ይደርሳል። የወተት ስብ ለመለየትም ሆነ በኋላ ኩዌቸርስ (የጸረ ተባይ ቅሪትን በሟሟና በጨው ከናሙና የማውጫ ዘዴ) ለመጀመር ከፈለጋችሁ 50 ሚሊሊትር ቱቦ የሚይዝና ከ3,000 ጂ የማያንስ ያስፈልጋችኋል። ኩዌቸርስ ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ የታሸገውን የጨው ፓኬት ሁልጊዜ መግዛት የለባችሁም፤ 500 ዲግሪ የሚደርስ ምድጃ ካላችሁ ማግኒዥየም ሰልፌቱን በጅምላ ገዝታችሁ፣ ለአምስት ሰዓት አቃጥላችሁ፣ ለአንድ ናሙና 4 ግራም ከ1 ግራም ንጹህ ሶዲየም ክሎራይድ ጋር መዝናችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ቡና ደረቅ ስለሆነ አስቀድሞ ውሃ መጠጣት አለበት፤ ጨው ሲጨመርበትም ቱቦው እጅ ላይ ስለሚግል ወዲያው መነቅነቅ ያስፈልጋል።

ለአፍላቶክሲንና ለኦክራቶክሲን የሚያስፈልጉት ኢሚዩኖአፊኒቲ ኮለሞች (መርዙን ለይተው የሚይዙ የናሙና ማጽጃዎች) ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጡ፣ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የሌለባቸው ናቸው። በውላችሁ ላይ ሐዋሳ ሲደርሱ ቢያንስ የአሥር ወር ዕድሜ የቀራቸው እንዲሆኑ አስገቡ። የመርፌ ማጣሪያ፣ ቮርቴክስ፣ የናይትሮጅን ማትነኛና ባለ አራት አኃዝ ሚዛን እንደ በጀታችሁ ይግቡ። መስታወት ለማጠብ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን የሚወጣው ኢታኖል ይበቃል፤ ማሽኑ ውስጥ ግን ፈጽሞ አይግባ። ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃም እንደዚሁ፤ 18.2 ሜጋኦም የሚባለውን እጅግ ንጹህ ውሃ የሚሰጥ ማጣሪያ የግዥው አካል ይሁን።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ እጅግ እናመሰግናለን። ስለ መብራቱ ቢነግሩን? አንዱ አቅራቢ ስታብላይዘር ይበቃል ብሎናል።

መልስ፦ አይበቃም። ቱክ ቱክ እያለ ደረጃ የሚቀይረው ስታብላይዘር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሲመለስም ድንገተኛውን ግፊት ሙሉ በሙሉ አያግድም። ኦንላይን የሆነ 3 ኪሎቮልት አምፒር ዩፒኤስ ከተጨማሪ ባትሪ ጋር ግዙ። ባትሪውን በየሁለት ሦስት ዓመቱ የሚቀይሩ ጥሩ ባለሙያዎች እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ፤ ከዋናው አቅራቢ ጋር መታሰር የለባችሁም።

ይህን የምለው አንድ ሌሊት ስላየሁት ነው። አርባ ናሙና አስገብተን ወደ ቤት ሄድን፤ ፎስፌት ባፈር እየፈሰሰ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ትንሹ ዩፒኤሳችንም ከሃያ ደቂቃ በላይ አልቆየም። ጠዋት ስደርስ በፓምፑ ራስ ዙሪያ ጥሩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ወጥቶ አገኘሁት። በሞቀ ውሃ ደጋግመን ብናጥበውም ጨው የቧጨረው የፒስተን ማኅተም ማፍሰሱን አላቆመም። ከጣት ቀለበት የምታንስ ያችን ማኅተም አቅራቢያችን እስኪያመጣልን አሥር ሳምንት ጠበቅን፤ የገበሬዎች ማኅበራት ናሙናም ማቀዝቀዣ ውስጥ ተደርድሮ ቆየ።

ስለዚህ ከዋናው ግዥ ጋር በአንድ ውል ውስጥ የፓምፕ ማኅተም፣ ቼክ ቫልቭ፣ የዲቴክተር መብራት፣ መርፌና የመርፌ መቀመጫ ለሁለት ዓመት የሚበቃ ይካተት። በዋስትናው ላይም የመሐንዲሱ የጉዞና የአበል ወጪ በማን እንደሚሸፈን፣ ከተጠራ በስንት የሥራ ቀን ሐዋሳ እንደሚደርስ በጽሑፍ ይቀመጥ። የሁለት ሠራተኞች ሥልጠና በእናንተው ናሙና፣ በእናንተው ክፍል እንዲሰጥ አድርጉ፤ የአምራቹ የናሙና መፍትሔ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ቡና ሲመጣ አይረዳም። ሚዛንና ፒፔት በየዓመቱ ካሊብሬት የሚያደርግላችሁን ከአሁኑ ቀጠሮ አስይዙ፤ ወደ ፊት የአይኤስኦ 17025 አክሬዲቴሽን ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትጠየቁት ሰነድ እሱ ነው።

ሳጥኖቹ ሲደርሱ ደግሞ ጎናቸው ላይ የተለጠፈችውን የግጭት ምልክት ሾፌሩ ሳይሄድ እዩአት። ቀይ ሆና ከሆነ ፎቶ አንሡ፣ በመረከቢያው ላይ ጻፉ፣ ሳጥኑንም የአቅራቢው መሐንዲስ እስኪደርስ ድረስ አትክፈቱ።